ሁለት ሰው የጎደለበት ቀን

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1975 የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ እንደራሴዎች ለንደን በሚገኘው ፓርላማቸው ተሰልፈው በምሥጢር ድምፅ ሰጡ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መሪያችን ኤድዋርድ ሂዝ ይቀጥሉ ወይስ ይብቃቸው? የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሂዝ በ1974 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አገር አቀፍ ምርጫ ተሸንፈዋል። ያም ሆኖ አብዛኞቹ የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች ከጎናቸው ነበሩ። ከፊታቸው የቆሙት ደግሞ ብዙ ሰው ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው የቀድሞዋ የትምህርት ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ናቸው። ወረቀቱ ሲቆጠር ታቸር 130፣ ሂዝ 119፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ሂዩ ፍሬዘር 16 ድምፅ አገኙ። ሂዝ ያኔውኑ ወረዱ። በሳምንቱ በተደረገው ሁለተኛ ዙር ታቸር 146 ድምፅ ይዘው የፓርቲው መሪ ሆኑ።

የታቸርን ዘመቻ የመሩት ኤሪ ኒቭ የሚባሉ እንደራሴ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮልዲትዝ ከተባለው የጀርመኖች የምርኮኛ እስር ቤት አምልጠው አገራቸው የገቡ ሰው ናቸው። ከየእንደራሴው ጋር ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ ግን ታቸር ብዙ ድምፅ የሚያገኙ እንደማይመስላቸው ይናገሩ ነበር። በሂዝ የተከፋ ነገር ግን ሊጥላቸው ያልቆረጠ ሰው፣ ትንሽ ላስደንግጣቸው ብሎ ለታቸር ድምፁን ሰጠ። ሂዝ በበኩላቸው ከገዛ ሰዎቻቸው ጋር ሻይ የመጠጣት ልማድ አልነበራቸውም። ማን እንደከዳቸው ያወቁት ወረቀቱ ከተቆጠረ በኋላ ነው።

ታቸርን ለወንበር ያበቃው ደንብ ገና ተሻሽሎ የወጣ ነበር። በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክ ዳግላስ ሂዩም የሚመራ ኮሚቴ ያረቀቀው ይህ ደንብ በፓርቲው መሪ ላይ በየዓመቱ ተፎካካሪ እንዲነሣ ይፈቅድ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ደግሞ ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ተፎካካሪን፣ ድምፅ የመስጠት መብት ካላቸው እንደራሴዎች ቁጥር 15 በመቶ በሚሆን ድምፅ መብለጥ ያስፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ይህችን ቁጥር ያስታወሰ ብዙ ሰው አልነበረም። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ዓለም በሙሉ አወቃት።

ታቸር በሜይ 1979 ምርጫ አሸንፈው ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ገቡ። ኤሪ ኒቭ ይህን ቀን አላዩም፤ ከምርጫው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ፓርላማው ግቢ ውስጥ መኪናቸው ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገድለዋል። በ1982 የፎክላንድ ጦርነት መጣ፣ ብሪታንያ አሸነፈች። በ1983 እና በ1987 ታቸር ምርጫ በተከታታይ አሸነፉ። በሦስተኛው ድል ማግስት በምክር ቤቱ ከሌሎቹ ፓርቲዎች ድምር 102 መቀመጫ ይበልጡ ነበር። የፓርቲያቸው ሰዎችም ይፈሯቸው ጀመር። በፈሩት ሰው ፊት እውነቱን የሚናገር ጥቂት ነውና የታቸር ሕመም ከዚያው ከድሉ ወንበር ጀመረ።

የመጀመሪያው ስንጥቅ ግን ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። ጃንዩዋሪ 9 ቀን 1986 የመከላከያ ሚኒስትሩ ማይክል ሄዘልታይን ዌስትላንድ በተባለ የሄሊኮፕተር ኩባንያ ዕጣ ከጠቅላይ ሚኒስትሯ ጋር ተጋጩ። የካቢኔው ስብሰባ ገና ሳያልቅ ወረቀታቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ፤ ወጥተው በር ላይ ለቆሙት ጋዜጠኞች ሥልጣን መልቀቃቸውን ነገሩ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዞሩ ከፓርቲው አባላት ጋር ራት በሉ፣ ንግግር አደረጉ፣ ወዳጅ አፈሩ። መሪዋን እፎካከራለሁ የሚል ቃል ግን ካፋቸው አልወጣም።

ኦክቶበር 26 ቀን 1989 የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጀል ሎውሰን ለቀቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ከገዛ ሚኒስትራቸው ይልቅ አለን ዋልተርስ የተባሉትን የግል የኢኮኖሚ አማካሪያቸውን መስማታቸው አንገሽግሿቸው ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 5 ቀን ሰር አንተኒ ሜየር የሚባሉ፣ ከፓርላማ ውጪ እምብዛም የማይታወቁ የ69 ዓመት እንደራሴ ታቸርን በፓርቲ መሪነት ተፎካከሩ። ታቸር 314 ለ33 አሸነፉ። ነገር ግን 24 ወረቀት ተበላሽቶ ተገኘ፣ ሦስት ሰው ደግሞ ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። ሲደመር 60 እንደራሴ በገዛ መሪው ላይ ጀርባውን አዙሯል ማለት ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ እዚያ ብቅሉ የምሥጢር ወረቀት ሆነ። በታቸር ዙሪያ ያሉ ሰዎች 314ቱን አይተው ተደሰቱ፤ ስድሳውን ተቀምጦ ያሰበበት ሰው ግን ጥቂት ነበር።

የ1990 ጸደይ ደግሞ ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ። መንግሥት በቤት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ይከፈል የነበረውን የከተማ ግብር አስቀርቶ የነፍስ ወከፍ ግብር ደነገገ። በስኮትላንድ የተጀመረው በ1989 ነበር፤ ኤፕሪል 1 ቀን 1990 እንግሊዝና ዌልስ ገባ። በአንድ ከተማ ውስጥ ባለ ትልቅ ግቢው ባለጸጋና በጠባብ የኪራይ ክፍል የሚያድር ሠራተኛ እኩል እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ለደሃው ቅናሽ ቢኖርም ሰው አልተቀበለውም። ጎልማሳ ልጆች አብረዋቸው የሚኖሩ ወላጆች ቤታቸው ሳይሰፋ፣ ደመወዛቸው ሳይጨምር፣ የግብር ደብዳቤው ብቻ በየሰዉ ስም ተባዝቶ በራፋቸው ሥር ወደቀላቸው። ግብሩ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማርች 31፣ ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ የወጣው ሰላማዊ ሰልፍ ወደ ሁከት ተለወጠ፤ ከ300 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ቤት በብድር የገዛው መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን 15 በመቶ የደረሰው የባንክ ወለድ ያንገበግበው ነበር። ይህ ሰው ታቸርን ሦስት ጊዜ የመረጠ ሰው ነው።

ኦክቶበር 18 ቀን በባሕር ዳርቻዋ የኢስትቦርን ከተማ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ወንበሩ የተጓደለው የታቸር የቅርብ ወዳጅ የነበሩት ኢያን ጋው በጁላይ በአይሪሽ ታጣቂዎች ቦምብ ስለተገደሉ ነው። ጋው በ1987 ያሸነፉት ወደ 17 ሺህ በሚጠጋ የድምፅ ብልጫ ነበር። አሁን ግን ሊበራል ዲሞክራቶች ወሰዱት። ያን ምሽት በጠባብ ብልጫ ፓርላማ የገቡ የወግ አጥባቂ እንደራሴዎች ሁሉ የየራሳቸውን ወረዳ ቁጥር አሰቡ። ኢስትቦርን ከሄደ እኔስ? የፓርቲ ሰው በመሪው የሚያምፀው አንዳንዴ በሐሳብ ልዩነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን እንጀራውን ሲፈራ ነው።

ከ12 ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 30፣ ታቸር ከሮም የአውሮፓ ጉባኤ ተመልሰው ምክር ቤቱ ፊት ቆሙ። የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዣክ ደሎር ያቀረቡትን የውህደት ሐሳብ በሦስት «አይሆንም» ደመደሙት። አጠገባቸው የተቀመጡት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ጄፍሪ ሃው ነበሩ። ሃው ከ1979ኙ የመጀመሪያ ካቢኔ ከታቸር በቀር እስከዚያ ቀን የዘለቁ ብቸኛ ሰው ናቸው፤ አራት ዓመት የገንዘብ ሚኒስትር፣ ስድስት ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በ1989 ታቸር ከውጭ ጉዳይ አንሥተው ክብሩ ከሥልጣኑ የሚያይል ወንበር ሰጧቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጠባያቸው የለዘበ ስለሆነ አንድ የሌበር ፓርቲ ባላንጣቸው የሃውን ትችት በሞተ በግ ከመነከስ ጋር አመሳስሎት ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን ጠዋት በካቢኔ ስብሰባ ላይ ታቸር በሥራ ባልደረቦቻቸው ፊት ገሠጿቸው። ሃው ያን ዕለት የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ።

ኖቬምበር 13 ከሰዓት በኋላ ሃው የለቀቁበትን ምክንያት ለምክር ቤቱ ለማስረዳት ተነሡ። ከሎውሰን ጎን ነበር የተቀመጡት። የምክር ቤቱ ውሎ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውምና አገሩ በሙሉ ያይ ነበር። አልጮኹም፣ እጃቸውንም አላወናጨፉም። ወረቀታቸውን ይዘው በዚያው በለመዱት ዝግ ባለ ድምፅ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሯ ሥር ሆኖ ከአውሮፓ ጋር መደራደር ምን እንደሚመስል በእንግሊዞች የክሪኬት ጨዋታ መሰሉት። ተጫዋቾቹ ሜዳ ገብተው የመጀመሪያው ኳስ ሲወረወርላቸው መምቻቸው ተሰብሮ ያገኙታል፤ ጨዋታው ሳይጀመር የሰበረው ደግሞ የራሳቸው ቡድን አምበል ነው አሉ። በመጨረሻም እሳቸው ለረጅም ጊዜ የተሟገቱበትን የታማኝነት ግጭት ሌሎችም እንዲያስቡበት ጠየቁ። ካሜራው ወደ ታቸር ሲዞር ፊታቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር።

በማግስቱ ሄዘልታይን እወዳደራለሁ አሉ። የድምፅ መስጫው ቀን ኖቬምበር 20 ሆነ። በዚያው ቀን ግን ታቸር ፓሪስ ነበሩ፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ የታወጀበት የአውሮፓ የጸጥታና የትብብር ጉባኤ ላይ። ሄዘልታይን የፓርላማውን መተላለፊያ እየዞሩ የእያንዳንዱን እንደራሴ እጅ ሲጨብጡ፣ ታቸር ከሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭና ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽ ጋር ነበሩ። ዘመቻውን የሚያስተባብሩት ፒተር ሞሪሰን ሰዉን ትደግፋለህ ወይ ብለው እየጠየቁ የሰሙትን እሺታ ሁሉ እንዳለ መዘገቡት። ከ15 ዓመት በፊት ታቸርን ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው የኤሪ ኒቭ ጆሮ ነበር። አሁን ያ ጆሮ የለም።

ማምሻውን በፓሪሱ የብሪታንያ ኤምባሲ ስልኩ ተደወለ። ታቸር 204፣ ሄዘልታይን 152፣ ድምፅ ሳይሰጡ የቀሩ 16። ከ372 እንደራሴ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግፏቸዋል። የደንቡ 15 በመቶ ግን 56 ነው፤ የእሳቸው ብልጫ ደግሞ 52። አራት ጎደለ። ከሄዘልታይን ጎን ሁለት ሰው ብቻ ወደ እሳቸው ቢዞር ኖሮ 206 ለ150 ይሆንና ምርጫው በዚያው ያበቃ ነበር። ታቸር ደረጃውን ወርደው ግቢ ውስጥ ወደሚጠብቁት ጋዜጠኞች በቀጥታ ሄዱ፤ በሁለተኛው ዙርም እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። ከዚያም ልብሳቸውን ለውጠው ለመሪዎቹ ወደተዘጋጀው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ግብዣ አመሩ።

በማግስቱ ለንደን ሲመለሱ እስከ ድል እታገላለሁ አሉ። ባለቤታቸው ዴኒስ ግን እንዲያቆሙ መከሯቸው። ማምሻውን ፓርላማ ውስጥ ባለው ቢሮአቸው የካቢኔ ሚኒስትሮቻቸውን አንድ በአንድ አስጠሩ። አንዱ ገብቶ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። የአብዛኞቹ መልስ አስቀድመው የተስማሙበት እስኪመስል ድረስ አንድ ዓይነት ነበር፤ እኔ በግሌ እደግፍዎታለሁ፣ ነገር ግን አያሸንፉም። ይህን መልስ ለአንድ አፍታ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ግማሽ የጨዋ ሰው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ሥራውን ይሠራል። እቃወምዎታለሁ ያለ ሰው ቢኖር ይከራከሩት ነበር። በቁጥር ከሚያዝን ወዳጅ ጋር ግን ክርክር የለም። ታቸር ይህን ምሽት ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን ሲያስታውሱ ፈገግታ የለበሰ ክህደት ሲሉ ጠሩት።

ኖቬምበር 22 ጠዋት ካቢኔው ተሰበሰበ። ታቸር ለፓርቲው አንድነትና ለቀጣዩ ምርጫ ሲባል መልቀቅ እንደሚሻል የጻፉትን ወረቀት ማንበብ ጀመሩ፤ እንባ አነቃቸውና ቆሙ። የፍትሕ ሹሙ ሎርድ ማካይ ያንብቡልዎት የሚል ሐሳብ ቀረበ። እሳቸው ግን እንባቸውን ዋጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ራሳቸው አነበቡት። ከሰዓት በኋላ ሌበር ፓርቲ ያቀረበውን የመተማመኛ ክርክር ለመመለስ ምክር ቤት ገቡ፤ በዘመናቸው ካደረጓቸው ንግግሮች ብርቱ ከሚባሉት አንዱን አደረጉ። ከኋላቸው ተቀምጠው በጭብጨባና በጩኸት ምክር ቤቱን ያናጉት፣ ከሁለት ቀን በፊት 168 ሆነው ድምፃቸውን የነፈጓቸው ሰዎች ጭምር ነበሩ።

ታቸር ሲወጡ መንገዱ ለሌሎች ተከፈተ። ገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ሜጀርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳግላስ ኸርድ እስከዚያ ድረስ የታቸርን እጩነት የፈረሙ ሰዎች ነበሩና ሊወዳደሩ አልቻሉም። ሜጀር በዚያ ሳምንት የጥርስ ቀዶ ሕክምና አድርገው ቤታቸው ተኝተው ነበር። ኖቬምበር 27 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ሜጀር 185፣ ሄዘልታይን 131፣ ኸርድ 56 አገኙ። ሜጀር ሁለት ድምፅ ቢጎድላቸውም ሁለቱ ተፎካካሪዎች ራሳቸውን አገለሉላቸው። ከታቸር ሁለት ሰው ሲጎድል ያዘነ አልተገኘም፤ ከሜጀር ሁለት ሲጎድል ግን ሁሉም ሞላለት። ጦሩን የወረወሩት ሄዘልታይንም ዘውዱን አልጫኑም። በማግስቱ ታቸር ከ11 ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ዳውኒንግ ስትሪትን ለቀው ሲወጡ፣ በመኪናው መስኮት ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ፎቶ ተነሡ።

ፓርቲው በዚህ ሥራው አተረፈ ወይስ ከሰረ? አጭሩ መልስ አተረፈ ነው። ሜጀር ያንን የነፍስ ወከፍ ግብር አነሡት፤ ኤፕሪል 9 ቀን 1992 ወግ አጥባቂዎቹ ለአራተኛ ጊዜ ምርጫ አሸነፉ። ረጅሙ መልስ ግን ሌላ ነው። የታቸር አወዳደቅ በፓርቲው ውስጥ ያልሻረ ቁስል ተወ፤ የአውሮፓ ጉዳይም እያመረቀዘ ሄደ። በ1995 ሜጀር ራሳቸው የተቺዎቻቸው ሹክሹክታ ሲያስመርራቸው ከፓርቲ መሪነት ለቀው፣ የሚችል ይምጣ ብለው ዳግም ተወዳደሩ። ጁላይ 4 ቀን ተፎካካሪያቸውን ጆን ሬድዉድን 218 ለ89 አሸነፉ። በ1997 ግን ሕዝቡ ከባድ ሽንፈት አከናነባቸው። ከዓመታት በኋላም ታሪኩ ተደገመ። የፓርቲው ሌላዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ዲሴምበር 12 ቀን 2018 የፓርቲያቸውን የመተማመኛ ድምፅ 200 ለ117 አለፉ፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ መልቀቃቸውን እያለቀሱ አስታወቁ። ተተኪያቸው ቦሪስ ጆንሰን ጁን 6 ቀን 2022 በተመሳሳይ ድምፅ 211 ለ148 አሸነፉ፤ በወሩ ከ50 በላይ ሹማምንት ጥለዋቸው ሲሄዱ ጁላይ 7 ቀን ለመልቀቅ ተገደዱ።

በሕዝብ ዘንድ የተጠላ መሪ ከፓርቲው ውስጥ የተነሣበትን ተቃውሞ ሊያልፈው ይችላል፤ ሜየርን ታቸር፣ ሬድዉድን ሜጀር አልፈውታል። የማይታለፈው የታማኙ ሰው ዝምታ ሲሰበር ነው። ሄዘልታይን ለአምስት ዓመት ቢዞሩም ብቻቸውን አልጣሏቸውም። ታቸር የወደቁት ከአሥር ዓመት በላይ ዝም ብለው ያገለገሏቸው ሃው ዝምታቸውን ሲሰብሩ፣ እደግፍዎታለሁ ያለው ሚኒስትርም «ነገር ግን» ሲጨምር ነው። ቅሬታው ድንገት የመጣ አልነበረም። በተበላሹት 24 ወረቀቶች፣ በኢስትቦርን፣ በትራፋልጋር አደባባይ ምልክቱን ሰጥቷል። ሰሚ አጣ እንጂ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ በዚያው ዘመን ወደነበረችው ኢትዮጵያ ይሄድብኛል። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲጓዙ የገዛ ጄኔራሎቻቸው ተነሡባቸው። ታቸር ፓሪስ እንዳሉ እንደሆነው፣ እዚህም መሪው ከአገር ሲርቅ ውስጥ ያለው ቅሬታ ወጣ። ልዩነቱ የሚወጣበት በር ነው። የእኛ ጄኔራሎች በሰሜን የሚካሄደው ጦርነት ይብቃ፣ መሪው ይውረድ የሚል ወረቀት የሚያጥፉበት ሳጥን አልነበራቸውም። ሙከራው ከሸፈ፤ በዓመቱ በግንቦት 1982 ዓ.ም. 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ታቸር ከወረዱ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ወጡ። በመካከሉ ስንት የደሃ ልጅ እንዳለቀ የየቤቱ እናት ታውቃለች።

ታቸር በሁለት ሰው ጉድለት ወንበራቸውን አጡ፤ አልቅሰው ቤታቸው ገቡ፤ መጽሐፋቸውን ጻፉ፤ በአውሮፓውያኑ 2013 በእርጅናቸው ዐረፉ። ከሥልጣን በወረዱበት ሳምንት በለንደን በዚህ ምክንያት አንድ ጥይት አልተተኮሰም፣ አንድ ቤትም ለቅሶ አልተቀመጠም። መሪን በወረቀት ማውረድ ጭካኔ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወረቀቱ የጠፋበትን አገር ሰው ጠይቆ ይረዳ።